ሲስተርን ይጠይቁ፦ ለአባቴ አንጀት የትኛው ቀዶ ሕክምና ይሻላል?

በዚህ እትም የማስተናግደው ሁለት ደብዳቤ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ረጅም መልስ ስለሚፈልግ የሌሎቻችሁን ለሚቀጥለው አቆይቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጥያቄ፦ ውድ ሲስተር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከሐረር፣ ከሸዋ በር አካባቢ ነው። አባቴ 64 ዓመቱ ነው። ከ30 ዓመት በላይ በሐረርና በድሬ ዳዋ መካከል መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ያለፈውን ዓመት ሙሉ ድካም ድካም ይለው ነበር። አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ አሜባ እየተባለ መድኃኒት ሲውጥ ከረመ። በመጨረሻ ደሙ ሲታይ በጣም አንሶ፣ ሂሞግሎቢኑ 7 ሆኖ ተገኘ። ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ካሜራ አንጀትን ማየት) ተደረገለትና በትልቁ አንጀት በቀኝ በኩል ዕጢ አለ ተባለ። የናሙናው ውጤት ካንሰር ነው። ሲቲ ስካኑ ጉበቱም ሳንባውም ንጹሕ ነው ይላል፤ አንጀቱም አልተዘጋም። እዚሁ ያየው ሰርጀን ‹ሆዱን ከፍቼ አወጣዋለሁ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀን እሰጣችኋለሁ› አለን። አዲስ አበባ ያለ ሌላ ሐኪም በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ፣ ይሠራል፤ ተራው ግን ስድስት ሳምንት ነው። ቶሮንቶ ያለው ወንድሜ ሁለቱንም አልተቀበለም። ‹በዚህ ዘመን ሆድ አይቀደድም፤ ቤቱ ይሸጥና ሕንድ ሄዶ በሮቦት ይሠራ› ይላል። አባቴ ‹ልጆቼ የተስማሙበትን› ይላል፤ እኛ ግን አልተስማማንም። ካንሰሩን የሚያጠፋው የትኛው ነው?
ሴት ልጁ፣ ከሐረር

መልስ፦ ልጄ፣ አባትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። መልሴን እንድትመዝኚው መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርሽ። ሐኪም አይደለሁም። 34 ዓመት ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የቆምኩ ነርስ ነኝ፤ ሰርጀኑ እጁን ሲዘረጋ መሣሪያውን መዳፉ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ድሬ ዳዋ ከዚራ ነው የምኖረው። የምነግርሽ ያየሁትንና ከሰርጀኖች የተማርኩትን ነው፤ ውሳኔው የእናንተና የሐኪሞቻችሁ ነው።

ሦስቱም መንገዶች ሆድ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። የአባትሽ ዕጢ በቀኝ ስለሆነ የትንሹ አንጀት መጨረሻ፣ ትርፍ አንጀት ያለበት ጫፍና ወደ ላይ የሚወጣው የትልቁ አንጀት ክፍል አንድ ላይ ይወጣሉ። አንጀቱ ብቻውን አይወጣም። ከጀርባ ጋር የሚያያይዘው፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ስብ አለ። ደም ሥሮቹም ንፍፊቶቹም (ሊምፍ ኖዶቹ) ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ካንሰሩ ከአንጀቱ ግድግዳ ሲያመልጥ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው እነዚያ ንፍፊቶች ላይ ነው። ጥሩ ሰርጀን ያንን ስብ ሳይቦጭቅ፣ ደም ሥሩ ከሚነሣበት ሥር ድረስ ሄዶ ከነሽፋኑ ያወጣዋል። ከዚያ የቀሩትን ሁለት የአንጀት ጫፎች በክር ወይም በስቴፕለር ያገናኛል። ካንሰሩን የሚያጠፋው ይህ ሥራ ነው። በየት በኩል ተገብቶ ይሠራ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

የእናንተ ሰርጀን የሚለው ክፍት ቀዶ ሕክምና ነው። ከእምብርት በላይና በታች 15 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ከ20 በላይ ይቀደዳል። ሰርጀኑ በእጁ ይዳስሳል፣ በዓይኑ ያያል፤ ደም ድንገት ቢፈስ በጣቱ ይይዘዋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ቁስሉ ስለሚያም በሽተኛው በደንብ መተንፈስና ማሳል ይፈራል፤ ስለዚህ አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀራል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ከወራት በኋላም በጠባሳው በኩል ቡአ የሚወጣባቸው አሉ።

በላፓራስኮፒ ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል። ከዚያ ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ አራት ወይም አምስት ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። ሁሉም ሰው የሚያየው ስክሪኑን ነው። አዲስ አበባ ለሥልጠና ተልኬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው፣ ያን ያህል ዓመት ከጎን አጎንብሼ ያየሁት የደም ሥር ስክሪን ላይ አውራ ጣት አክሎ ታየኝና ደነገጥኩ። ሆኖም እዚያም ቢሆን አንጀቱ በእነዚያ ትናንሽ ቀዳዳዎች አይወጣም። መጨረሻ ላይ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይቀደድና፣ ዕጢው የቁስሉን ጠርዝ እንዳይነካ በፕላስቲክ መከላከያ ውስጥ ተስቦ ይወጣል። ስለዚህ ወንድምሽ ‹ሆድ አይቀደድም› ሲል ‹በጥቂቱ ይቀደዳል› ማለቱ እንደሆነ አስረጂው።

የላፓራስኮፒ ዘመዶችም አሉ። አንደኛው ሰርጀኑ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ቀዳዳ አንድ እጁን አስገብቶ በሌላው በመሣሪያ የሚሠራበት ነው። ሌላው ሁሉንም መሣሪያ በእምብርት በኩል በአንድ ቀዳዳ የሚያስገባው ነው፤ ጠባሳው አይታይም፣ መሣሪያዎቹ ግን እርስ በርስ ይጋጫሉ። ለአባትሽ እነዚህን ማሰብ አያስፈልግም።

ሮቦት የሚባለውም ብቻውን የሚሠራ ማሽን አይደለም። ሰርጀኑ ከበሽተኛው ጥቂት ርቆ ይቀመጥና የማሽኑን ክንዶች በእጁና በእግሩ ያዛል። ቀዳዳዎቹ እንደ ላፓራስኮፒው ናቸው። ምስሉ ጥልቀት አለው፤ የመሣሪያው ጫፍ እንደ እጅ አንጓ ይታጠፋል፤ እጅ ቢንቀጠቀጥ ማሽኑ ያጣራዋል። ዳ ቪንቺ የሚባለው ማሽን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። እውነተኛ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ዳሌ ውስጥ፣ ፊንጢጣ አጠገብ ላለ ካንሰር። እዚያም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 471 በሽተኞች የተካተቱበት ጥናት ላይ ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና መቀየር ያስፈለጋቸው በላፓራስኮፒ ከ100 ሰው 12፣ በሮቦት 8 ነበሩ፤ አጥኚዎቹም ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ለፊንጢጣ ካንሰር የተሻለ ውጤት ያሳዩ ጥናቶች መጥተዋል። የአባትሽ ዕጢ ግን ያለው ሰፊው ቦታ ላይ፣ በቀኝ አንጀት ነው። ለዚያ ሮቦት ከላፓራስኮፒ የበለጠ ዕድሜ እንደሚሰጥ አልተረጋገጠም፤ ሰዓቱና ገንዘቡ ግን ይበልጣል። ለሮቦት ብላችሁ የሸዋ በሩን ቤት አትሽጡ። ይህን ለወንድምሽ አንብቢለት። ከሩቅ ሆኖ ለአባቱ ማድረግ የሚችለው ገንዘብ መላክ ብቻ የሆነበት ሰው ውድ የሆነውን ይመርጣል፤ ፍቅር ነው፣ አትቆጪው።

አሁን በክፍቱና በላፓራስኮፒው መካከል። ላፓራስኮፒ ለሐሞት ከረጢት ተለምዶ ወደ አንጀት ካንሰር ሲሻገር፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ትልቅ ፍርሃት ነበር። ካንሰሩ ቀዳዳዎቹ ላይ ተመልሶ የበቀለባቸው በሽተኞች ተገኙ፤ ብዙ ሰርጀኖችም እጃቸውን ሰበሰቡ። ስለዚህ በጥናት መለየት ነበረበት። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በ48 ሆስፒታሎች 872 የአንጀት ካንሰር በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ውጤቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታተመ። በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው በላፓራስኮፒ ከ100 ሰው 16፣ በክፍቱ 18 ነበሩ። በሕይወት የነበሩት 86 እና 85። ቁስል ላይ የተመለሰው በሁለቱም ከ100 ከአንድ በታች ነበር። የላፓራስኮፒዎቹ ሆስፒታል የቆዩት 5 ቀን፣ የክፍቶቹ 6 ቀን ነው። ካንሰሩን በማጥፋት እኩል ናቸው ማለት ነው፤ ላፓራስኮፒው በሕመም ማነስና ቶሎ በመነሣት ይበልጣል።

እዚያ ጥናት ላይ ግን ሰዎች የሚዘልሉት አንድ ነገር አለ። ሰርጀኖቹ ለመሳተፍ ቢያንስ 20 የአንጀት ቀዶ ሕክምና በላፓራስኮፒ ሠርተው መሆን ነበረበት፤ ሲሠሩ የተቀዳ ቪዲዮም ታይቶባቸዋል። ውጤቱ እኩል የሆነው በእነዚያ እጆች ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለው ሐኪም ስትደውይ ‹ላፓራስኮፒ አለ?› ብለሽ አትጠይቂ። ‹ለአንጀት ካንሰር ስንት ሠርተዋል? ካሜራውን የሚይዝልዎት ማን ነው?› ብለሽ ጠይቂ። ሐሞት ከረጢት ማውጣትና የአንጀት ካንሰር ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰርጀን ብዙም አላየሁም፤ ጥሩዎቹ ቁጥራቸውን ያውቁታል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመሽ ለእናትሽ ንገሪያት። በዚያው ጥናት በላፓራስኮፒ ከተጀመሩት ከ100 ሰው 21ዱ መሐል ላይ ወደ ክፍት ተቀይረዋል። ዕጢው ሌላ አካል ላይ ተጣብቆ ሲገኝ፣ ደም ሲያስቸግር፣ የድሮ ኦፕራሲዮን አንጀቱን አጣብቆት ሲቆይ ይቀየራል። ከኦፕሬሽን ክፍል ወጥቼ ‹ተከፍቷል› ብዬ የነገርኳቸው ቤተሰቦች መሬት ላይ ሲቀመጡ አይቻለሁ፤ የሞተ መስሏቸው ነው። ሰርጀን በጊዜ መቀየሩ ሥራውን ማወቁ ነው። የምፈራው በግድ በቀዳዳ እጨርሳለሁ የሚለውን ነው።

አሁን ቁርጡን ልንገርሽ። ጥቂት ሳምንት መጠበቅ አይጎዳም፤ በዚያ ጊዜ የአባትሽ የደም ማነስ ይታከማል። ሂሞግሎቢን 7 ይዞ በጥድፊያ ጠረጴዛ ላይ መውጣት አያስፈልግም። የአዲስ አበባው ሐኪም በአንጀት ካንሰር የጠገበ እጅ ካለውና ስድስቱ ሳምንት በእርግጥ ስድስት ከሆነ፣ እኔ ብሆን አባቴን ወደዚያ እወስዳለሁ። ‹ስድስት› እየተባለ ወደ ሦስትና አራት ወር የሚሄድ ከመሰለሽ፣ ወይም ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ፣ እዚሁ ያለው ሰርጀን በክፍቱ ይሥራቸው፤ ምንም አላጎደልሽባቸውም። በመሐል ሆዳቸው ተነፍቶ ማስመለስ ከጀመሩ፣ ጋዝም ከቆመ፣ አንጀቱ ተዘግቷል ማለት ነው። ያኔ አዲስ አበባ የሚባል ነገር የለም፤ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል፣ በዚያው ሰዓት።

ከሁሉም በላይ ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ታላቅ ወንድሜ በግራ በኩል የአንጀት ካንሰር ነበረበት። መጀመሪያ ኪንታሮት ተብሎ ቆየ። ከዚህ ከተማ ውጭ ባለ አንድ ሆስፒታል በክፍት ተሠራ፤ ሰርጀኑ ጥንቁቅ ሰው ነበር፣ በአሥረኛው ቀን ወንድሜ ቤቱ ገባ። የፓቶሎጂ ውጤቱ (የወጣው ሥጋ ምርመራ) ከወር በኋላ መጣ። አንድ ገጽ ነው። ካንሰር መሆኑን፣ ጠርዙም ንጹሕ መሆኑን ይላል። ንፍፊቶቹ ግን አልተጻፉም። ስንት እንደተገኙ፣ ስንቱ ውስጥ ካንሰር እንዳለ፣ ምንም የለም። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያለውን ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ጨምሬ ስም ለጥፌ የላክሁ ሴት፣ የወንድሜን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። የተላከው ናሙና ተጥሏል፤ እንደገና ሊቆጠር አይችልም አሉኝ። የካንሰር ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ‹ሲስተር፣ ኬሞ ልስጠው ወይስ አልስጠው በምን ልወስን?› አለኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጉበቱ ላይ ወጣ። ያ ቁጥር ቢኖር ኖሮ ወንድሜ ይድን ነበር ብዬ አልናገርም። ግን ሐኪሙ በጨለማ እንዲወስን ተደርጓል፤ እስከ ዛሬ ሌሊት የሚያነቃኝ ያ ነው።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ክፍትም ይሁን ላፓራስኮፒ፣ ሰርጀኑን ‹የወጣው የት ነው የሚመረመረው? ንፍፊቶቹ ይቆጠራሉ ወይ?› በይው። ቢያንስ 12 ንፍፊት ሊገኝና ሊመረመር ይገባል። ከዚያ ካነሰ ‹ንጹሕ ነው› የሚለውን ቃል ሙሉ በሙሉ ማመን ያስቸግራል፤ በትንሹ የተፈለገ ነገር ስላልተገኘ የለም አይባልምና። ንፍፊት ውስጥ ካንሰር ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ኬሞ ይሰጣል፤ ቁስላቸው ከዳነ በኋላ፣ ቢቻል በስምንት ሳምንት ውስጥ መጀመር አለበት። ለዚህ ቀጠሮው ከአሁኑ ይታሰብ። ጨረር ግን ለፊንጢጣ ካንሰር እንጂ ለአባትሽ ዓይነቱ በተለምዶ አያስፈልግም፤ ‹ጨረር የት እናገኛለን› ብላችሁ እንዳትጨነቁ ነው የምነግርሽ። የፓቶሎጂውን ወረቀት ዋናውን አንቺ ያዢው፣ ፎቶም አንሺው።

አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ሌላ የምፈራው ነገር አለ። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ በሽተኛው በአራተኛው ቀን ይነሣል፣ ይሥቃል፣ ‹ወደ ሐረር እንሂድ› ይላል። የተገናኘው አንጀት ቢያፈስ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው በመጀመሪያው ሳምንትና በዚያ ግድም ነው፤ ይህ አደጋ በላፓራስኮፒም በክፍቱም አለ። ትኩሳት፣ ልብ መምታት፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም ከተነሣ ወዲያው ሰርጀኑ ጋ መድረስ ያስፈልጋል። ያ ነገር አዋሽ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ሲጀምር አስቢው። ሁለት ሳምንት ዘመድ ቤት አዲስ አበባ ይቀመጡ።

ከአሁኑ ጀምሮ ደግሞ ለደም ማነሱ ስለሚሰጠው የብረት መድኃኒት ጠይቂ፤ ክኒኑ የማይበቃቸው ከሆነ በደም ሥር የሚሰጥ አለ። የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ (የዚያ መንገድ ሹፌሮችን ስለማውቅ ነው የምልሽ፣ አልታዘብኳቸውም) ሰመመን ለሚሰጠው ባለሙያ እንዳይደብቁት። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ባለሙያው ማወቅ አለበት። ከኦፕሬሽኑ በኋላ በማግስቱ ከአልጋ ማውረድ፣ መራመድ፣ ሐኪሙ እንደፈቀደ ቶሎ ማብላት ነው። ድሮ እኛ ጋዝ እስኪወጣ ድረስ ቀናት ሙሉ ሰውን በግሉኮስ ብቻ እናስተኛ ነበር። ተሳስተን ነበር፤ በጊዜ የበላና የተራመደ ቶሎ ይድናል።

አንቺና ወንድምሽ ደግሞ፣ ሌሎች ወንድምና እህቶች ካሏችሁም፣ 40 ዓመት ሲሞላችሁ ኮሎኖስኮፒ አድርጉ። የአባታችሁ ወንድሞችና እህቶች 40 ካለፋቸው አሁኑኑ ይታዩ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ከድሬ ዳዋ፣ ከገንደ ቆሬ ነኝ። 51 ዓመቴ ነው። ከአምስት ቀን በፊት አንጀቴን በላፓራስኮፒ ተሠርቼ ትናንት ወጣሁ። ሆዴ ደህና ነው፤ የሚያመኝ የቀኝ ትከሻዬ ነው። ትከሻዬን ማን ነካው? ደግሞስ ውኃ መቼ ነው የማነሣው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ትከሻሽን ማንም አልነካውም። ሆድሽ የተነፋበት ጋዝ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ገፍቶታል። የዚያ ጡንቻ ነርቭ የሚመጣው ከአንገት ነው፤ ትከሻም ስሜቱን ከዚያው አካባቢ ስለሚያገኝ አእምሮ ሕመሙን ትከሻ ላይ ይሰማዋል። አብዛኛው ሰው በሁለት ሦስት ቀን ይለቀዋል፤ አንቺ አምስተኛ ቀንሽ ስለሆነ እየቀነሰ መሆን አለበት። ቤት ውስጥ መራመድ ይረዳል። እየጨመረ ከሄደ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ አንድ ባትሽ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለሽ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የጋዙ ነገር ነው ብለሽ አትቀመጪ። ለደም መርጋት መከላከያ መርፌ ታዞልሽ ከሆነ እስኪያልቅ ተወጊው፤ ከካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ እስከ አራት ሳምንት ይታዘዛል። በዚህ ሙቀት ውኃ በብዛት ጠጪ። ከባድ ነገር ማንሣት ቢያንስ ለስድስት ሳምንት የለም፤ 20 ሊትሩን ጄሪካን ልጆችሽ ይቅዱ፣ አንቺ በጆግ ብቻ አንሺ።